ሦስቱ የመርፌ ቀዳዳዎች

ያን ቀን ከቀትር በኋላ የወረደው በረዶ የጋዜጣውን ቤት ቆርቆሮ ሲቀጠቅጠው፣ ሰው ከሰው የሚደማመጠው ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግቶ ነበር። ፍሬው ሽምብራ ያክላል። በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል፣ ምላጭ የሥራ ካፖርቷን አወለቀችና ለጥፋ የጨረሰቻቸውን ገጾች ሸፈነችበት። እሷ በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ቀረች። ገጹ ከሚረጥብ እሷን ቢበርዳት ይሻላታል፤ እንደዚያ ያለች ሰው ነበረች።

ምላጭ ብለው ስም ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ጋዜጣ በእጅ ነበር የሚሰናዳው። በታይፕ የተመታው ጽሑፍ በምላጭ ዓምድ ዓምዱን ይቆረጣል፣ ሰፊ ነጭ ካርቶን ላይ ይለጠፋል፣ ፎቶው በቦታው ይገባል፣ ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ማተሚያው ደግሞ ርኅራኄ የለውም። ወረቀቱ ላይ የዝንብ ኩስ ካለ የዝንቡን ኩስ አሥር ሺህ ጊዜ ያትመዋል። ስለዚህ ገጹ ከመሄዱ በፊት ቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ውስጥ እየነከረች ነጥብ ነጥቡን ታጠፋለች። አሥራ ስድስት ዓመት ስትሠራ በእሷ እጅ ባለፈ ገጽ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ወጥቶ አያውቅም።

ታይፒስቷ በዚህ አትለቃትም ነበር። «አንቺ እኮ ማድያትም ታጠፊያለሽ። እስቲ ነይና ያንን ብሩሽ ፊቴ ላይ አሳርፊልኝ» ትላታለች።

«ቀለሙ አይበቃም» ትመልሳለች ምላጭ፣ ቀና ሳትል።

ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። እናታቸው ፍራሽ ሰፊ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጅ ማስተማር አልቻለችም። ታናሽ ወንድሟ ቀጠለ፣ እሷ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ መርፌ ያዘች። ቅር አላላትም ብል ውሸት ይሆናል። ግን ቅሬታዋን በወንድሟ ላይ አድርጋ አታውቅም። የደብተሩን ልባስ የምታለብስለት እሷ ነበረች። እሱም ትምህርት ሲዘጋ ከእነሱ ጋር ይሰፋል። እናታቸው የራሷ አሰፋፍ ነበራት፤ ረጅሙን መርፌ ሁለት ጊዜ ቀረብ ቀረብ አድርጋ ትወጋና ሦስተኛውን ራቅ አድርጋ ታስረዋለች። ሌላ ፍራሽ ሰፊ እንዲያ ሲያደርግ አላዩም። ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት፣ «ከስንፍናዬ ነው፤ አራተኛውን መውጋት ደክሞኝ» ብላ ትስቃለች።

እናታቸው ሞተች። ምላጭ አግብታ ፈታች፤ ልጅ አልወለደችም። ወንድሟ በጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረ። መሥሪያ ቤቱ የወረቀት መብሻ ሲገዛ «ብረቱ ወረቀቱን ይቀደዋል» ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ፋይሎቹን በእናቱ ስፌት፣ በክርና በመርፌ መስፋቱን ቀጠለ። እዚያ ያሉት «ልብስ ሰፊው» ይሉታል። እንዲያ ሲሉት ደስ ይለው ነበር።

በረዶ በጣለበት ቀን የጋዜጣው ቤት በር ላይ የቆመው እሱ ነው። ከኮቱ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እታለም» አላት። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው።

በሥራ ቀን መጥቶባት አያውቅም። «ምነው? ሚስትህ ደህና አይደለችም?»

«ደህና ናት። ዝናብ ልጠለል ብዬ ነው።»

«ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ድረስ መጥተህ?»

ፈገግ አለ፣ ግን ፈገግታው ፊቱ ላይ አልቆየም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እጆቿን አየና፣ «አለቃሽ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አላት።

«ዋና አዘጋጁ? ፊቱን ስታየው ቁርስ ያልበላ ጅብ ነው የሚመስለው። ግን ሰው አሳልፎ አይሰጥም።»

«አይሰጥም?»

«አምና ሁለት ወር አስረውት ማን እንደነገረው ትንፍሽ አላለም። ምነው?»

«ምንም። እንዲያው ነው።» ተነሣ። «ካፖርትሽን ልበሽ፣ ብርድ ይመታሻል።»

በረዶው ሳያባራ ወጣ፤ ዝናብ ሊጠለል የመጣ ሰው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ ዋና አዘጋጁ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ምላጭ ጠረጴዛ መጣ። ሌላ ጊዜ የሚመጣው ጽሑፍ በታይፒስቷ በኩል ነበር። የዛሬው ግን የደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ከላዩ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም አለበት። በፖስታ ተደርጎ በበሩ ሥር ተገፍቶ ነው የተገኘው።

ጸሐፊው አንድ የጦር ሐኪም ነው። አዳዲስ ምልምሎች የሚሠለጥኑበት አንድ ካምፕ የጉድጓድ ውሃው ተመርዟል፤ ድሮ እዚያ ከተቀበረ ያረጀ ፈንጂና ነዳጅ የሚወጣ ነገር እየገባበት ነው፤ በአምስት ወር ውስጥ አርባ አንድ ልጆች ሞተዋል፤ ካምፑ እንዲነሣ ሦስት ጊዜ ጽፎ መልስ አላገኘም። ይህን ሁሉ ይዘረዝራል። ከግርጌው በሌላ ሰው እጅ «ቦታው ለድንበር ቅርብ ስለሆነ ለጊዜው አይነሣ፤ ለቤተሰብ ወባ ነው ይባል» ተብሎ ተፈርሞበታል።

ታይፒስቷ በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አነበበችው። «ጋሼ» አለች፣ ዋና አዘጋጁን ሁሉም ጋሼ ነው የሚሉት፤ «የአክስቴ ልጅ ድንበር ላይ ነው። ይሄ ወጥቶ ጠላት ቢያነበውስ?»

«ጠላት የሚፈልገውን እንሸፍናለን፣ እናት የምትፈልገውን እንተዋለን» አለ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። «የቦታውን ስም፣ የሠራዊቱን ቁጥር፣ የሐኪሙን ስም፣ ከላይ ያለውን የኮፒ ቁጥር ሸፍኚልኝ፣ ምላጭ። ከዚያ ውጪ አንዲት ነገር እንዳትነኪ። የነካነውን ሁሉ ‹ራሳችሁ የጻፋችሁት ነው› ይሉናል።»

«እናቶቹ አንብበው ምን ያደርጋሉ ጋሼ? የሞተው አይመለስ» አለች ታይፒስቷ።

«ያልሞተውም እዚያው ውሃ እየጠጣ ነው።»

ታይፒስቷ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ምላጭ ጥቁር ወረቀት እየቆረጠች የተባለችውን ሸፈነች። ቀጥላ ብሩሿን ይዛ፣ እንደ ልማዷ፣ ዳር ዳሩን ታየው ጀመር። በግራ በኩል፣ ከላይ፣ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ትንንሽ ናቸው፤ የፎቶ ኮፒው መብራት ቀዳዳውን እንደ ነጥብ አድርጎት ነው። ሁለቱ ቀረብ ቀረብ ብለዋል። ሦስተኛው ራቅ ብሏል።

የእናቷ ስፌት ነው። በረዶው፣ እርጥቡ ኮት፣ «አለቃሽ እንዴት ያለ ሰው ነው?» ያላት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት።

ነጥቦቹን ለማጥፋት የሚያስፈልገው ሦስት ጊዜ ብሩሽ ማሳረፍ ነበር። ዋና አዘጋጁ ግን ከአጠገቧ አልተንቀሳቀሰም። ማስረዳት ብትጀምር ደግሞ ወረቀቱን ማን እንዳመጣው መናገሯ ነው። ወንድሟ ለእሷ እንኳ ያልነገራትን፣ እሷ ለማን ትናገራለች?

«ጋሼ፣ ይሄ ዳሩ ላይ ያለው ቆሻሻ ይጥፋ?» አለችው፣ ድምፅዋን እንደ ሌላው ቀን አድርጋ።

መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። «የቱ? ይሄ? ተዪው። ከመዝገብ የወጣ መሆኑ ይታይ።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ያችን አንዲት «እሺ» ስታገላብጣት ኖራለች። አዘጋጁ ምሳ ሲወጣ ብሩሹን ማንሣት ትችል ነበር። ገጹ ማተሚያ ቤት የሄደው ከምሳ በኋላ ነው። እሷ ግን ምሳ ሳትበላ እገጹ ፊት ቁጭ ብላ ነጥቦቹን አየቻቸው። ራሷን ያባበለችበት ሐሳብ፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነጥብ አያይም የሚል ነበር። ሌላም ነገር ነበረ፤ እሱን ለማንም ሳትናገር ብዙ ቆይታለች። የእናታቸውን ስፌት በዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ ስታየው ልቧ ሞቅ ብሏት ነበር። ያችን ሴትዮ ከሠፈሯ ውጪ ማንም አያውቃትም ነበር፤ አሁን በአሥር ሺህ ወረቀት ላይ ልትወጣ ነው። ጋዜጣው ቅዳሜ ታተመ።

እስከ ረፋድ ድረስ ጋዜጣው አልቆ አንዱ ቅጂ ለአምስት ሰው ይነበብ ጀመር። ራዲዮው በቀን ሦስት ጊዜ «የአገርን ምስጢር ለጠላት ያቀበሉ» ይላል። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ሰማች። አንዱ፣ «ልጆቹን ውሃ እያስጠጡ የገደሉት እነሱ፣ ከዳተኛው ጋዜጠኛው?» ይላል። ሌላው፣ «የቤትህ በር ክፍት መሆኑን ለሌባ ነግረህ እውነት ተናገርኩ ትላለህ?» ይለዋል። አውቶቡሱ መጥቶ ሁለቱም አንድ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ፤ ክርክሩ ቀጠለ። ለምላጭ ሁለቱም እውነታቸውን ነው መሰላት። እንዲህ መሆኑ ነው ያስፈራት።

ሰኞ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት መጡ። ለበሩ ቅርብ የሆነው የምላጭ ጠረጴዛ ስለሆነ፣ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሷን ነው የሚያገኘው። እናትየዋ የታጠፈ ጋዜጣ ከደረታቸው አውጥተው፣ «ልጄ፣ ይህን የጻፈውን ሰው አሳዪኝ» አሏት።

«ምን ሆነው ነው እማማ?»

«ወባ ነው ብለውኝ ነበር። አጎበር ሳልልክለት ቀርቼ ነው ብዬ አራት ወር ራሴን ስበላ ኖርኩ።» አላለቀሱም። «አጎበሩ አይደለም አላችሁኝ እናንተ። እግዜር ይስጣችሁ።»

በዚያ ቀን ምላጭ ወንድሟን አሰበችው፤ ቀና ብላ ሄደች።

በአሥረኛው ቀን ካምፑ ተነሣ። በአንድ ሌሊት፣ በችኮላ ነው ያነሡት፤ ወሬው ወጥቷልና። ያን ያህል መኪና በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሲሰለፍ ከድንበሩ ማዶ ያለው የጠላት ዓይን አየው። ከባድ መሣሪያ ተኮሱበት። ዘጠኝ ልጆች ሞቱ። ይህንንም ራዲዮው ተናገረ፤ ይኼኛውን ግን ማንም ውሸት ነው አላለም።

ከዘጠኙ የአንዱ እናት መጡ። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ምላጭ ውሃ ይዛላቸው ስትወጣ ብርጭቆውን አይተው ተዉት። «ልጄ ያንን ውሃ ጠጥቶ ታሞ፣ ድኖ ነበር» አሉ። «ድኖ ነበር እኮ። ጽፎልኝ ‹ድኛለሁ እማዬ› ብሎኛል።» ከዚያ ተነሡና ሄዱ። ማንንም አልረገሙም። ቢራገሙ ይሻል ነበር።

መርማሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጭር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። አዘጋጁን አስቀድመው ወስደውት ነበር፤ እንደ አምናው አንድ ቃል አልወጣውም። መርማሪው ወደ ምላጭ ጠረጴዛ ቀርቦ ጋዜጣውን ዘረጋና ጣቱን በግራ ዳር ላይ አሳረፈ።

«እህቴ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ቆሻሻ ነው ጌታዬ። የፎቶ ኮፒ ቆሻሻ።»

«ቆሻሻ» አለ። ከቦርሳው የስድስት ወር ጋዜጦች አውጥቶ ደረደራቸው። «እነዚህን ሁሉ በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። አንድ ነጥብ የለባቸውም። ሥራሽን እንዲህ ስትሠሪ ኖረሽ፣ ይህን ቆሻሻ ለምን ተውሽው?»

«አትንኪ ተብዬ ነው።»

«እሱን አምናለሁ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ወንድሟ ተቀምጦበት የነበረው ወንበር ነው። «ደብዳቤው ለአምስት ቢሮ ነው የተበተነው። አራቱ በመብሻ ይበሳሉ፤ ክብ፣ ትልልቅ ቀዳዳ። አንዱ ቢሮ ብቻ በመርፌ ይሰፋል። ሰፊውንም እናውቀዋለን። አንቺም ታውቂዋለሽ።» ፊቷን አየ፤ የሚፈልገውን ያገኘ ይመስላል። «እኔም ልጅ አለኝ፤ የውሃው ነገር ያናድደኛል። ግን የትኛው ምስጢር ይሸፈን፣ የትኛው ይውጣ ብለው እንዲመርጡ ለአንድ መዝገብ ሰፊና ለአንድ ጋዜጠኛ ማን ሥልጣን ሰጣቸው? የሸፈናችሁትን ጠላት አላነበበም። የካምፑን መነሣት ነው ያነበበው።»

«ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ጽፏል እኮ» አለች ምላጭ። እንዴት እንደወጣት አታውቅም። «ማን መለሰለት?»

መርማሪው ጋዜጦቹን እያጣጠፈ ወደ ቦርሳው መለሰ።

ወንድሟን የያዙት በዚያው ከሰዓት፣ ሲሰፋ ነው። መርፌውንና የክሩን ጥቅል ለኤግዚቢት ወሰዱት። ችሎት ላይ ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ ተደርጎ ተቀምጦ አየችው፤ የእናታቸው መርፌ ነበር። ጠበቃው ስለ አርባ አንዱ ተናገረ፤ ዐቃቤ ሕጉ ስለ ዘጠኙ። ዳኛው ሁለቱንም ቁጥር በየተራ ጻፈ። አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱበት። ዋና አዘጋጁ ስምንት ወር ታስሮ ወጣ። ሲወጣ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ምላጭን አግኝቷት፣ «አንድ ቃል አልተናገርኩም እኮ» አላት። «አውቃለሁ ጋሼ» አለችው። የተናገረው ገጹ ነው፤ ያንን ግን ለእሱ መንገር አላስፈለጋትም፤ ችሎት ላይ ሰምቶታል።

ለወንድሟ ሚስት የነገረቻት ራሷ ናት። ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ነጥቦቹን አይታ ነበር ብላ ነገረቻት። ሚስትየዋ የያዘችውን ሳህን በቀስታ አስቀመጠች። «ብሩሹ እጅሽ ላይ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ።»

«ውጪልኝ» አለቻት። እስከ ዛሬ ሰላምታዋን አትመልስም። ምላጭም አልፈረደችባትም።

ለወንድሟ ለመንገር አንድ ዓመት ፈጀባት። የእስር ቤቱ መጠየቂያ ሁለት ድርድር ሽቦ ነው፤ በመካከሉ ወታደር ይመላለሳል። ስለዚህ ትልቁንም ትንሹንም በጩኸት ነው የሚያወሩት።

«ነጥቦቹን አይቻቸው ነበር» አለችው፣ ከጎኗ ያለችው ሴት ስለ ልብስ ሳሙና ስትጮህ። «ማጥፋት እችል ነበር። አላጠፋሁም።»

ሽቦውን በጣቶቹ ያዘ። ጣቶቹ መርፌ ስለማይነኩ ለስልሰዋል። «ጋዜጣውን የገዛሁ ቀን አየሁት እታለም። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። እማዬ ጋዜጣ ላይ ወጣች አልኩ።»

«ኮፒ ስታደርገውስ አላየኸውም?»

«እኔ ስፌት ሳይ ስፌት አይመስለኝም። ሁልጊዜ የማየው ነው። አንቺን አልወቅስም። እዚህ ስለዚያ አላስብም።»

«ስለ ምን ታስባለህ?»

«አርባ አንዱንም የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ልጅ ሲሞት አንዲት ገጽ ትመጣለች፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ወባ። አርባ አንደኛውን ስሰፋ እጄ እምቢ አለኝ።» ወታደሩ ሰዓት መድረሱን ሊናገር እየቀረበ ነበር። «ዘጠኙንስ ማን ሰፋቸው? እሱን ነው የማስበው። በመብሻ ይሆናል የበሷቸው።»

ልትመልስለት ስትል ወታደሩ መሐላቸው ገብቶ «በቃ፣ ሰዓት ደርሷል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አላወሩም። ስለ ጤናው ትጠይቀዋለች፣ ስለ ጉልበቷ ይጠይቃታል። ሰዓቱ በዚህ ያልቃል።

ምላጭ ጋዜጣውን የተወችው ማንም ሳያባርራት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ብሩሿን ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረች። ነጥቡን ታየዋለች፣ ብሩሹን ግን ልታሳርፍበት አልቻለችም። ካፖርቷን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ኮምፒዩተር ገባና የእሷ ሥራ ጭራሹን ቀረ።

አሁን በአንድ ሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላ ትጠግናለች። የምትሰፋው በእናቷ አሰፋፍ ሳይሆን ሌሎቹ ሠራተኞች እንደሚሰፉት ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ለወንድሟ ንጹሕ ልብስና ዳቦ ይዛ ትሄዳለች። እስሩን ሊጨርስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ይቀረዋል።